«ፖሉ ላይ እየመራ ነው፣ በቃ አሸነፈ»፦ ስለ ምርጫ ጥናቶች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ የሴናተር ወይም የአገረ ገዥ ምርጫ ሲቃረብ የቴሌግራም ግሩፖቻችን በቁጥር ይሞላሉ። «እገሌ በ3 ነጥብ እየመራ ነው» የሚል ምስል ከስልክ ስልክ ይዞራል። ቡና ላይ ክርክሩ ይጦፋል። ግማሹ «አለቀ» ይላል። ግማሹ «ፖል (የምርጫ ጥናት) የሚባል ነገር ውሸት ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በ3 ነጥብ ከመራ እያሸነፈ ነው»

በአንድ ክፍለ ግዛት የሚደረግ ጥናት ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 800 ሰው ነው የሚጠይቀው። 600 ሰው ከተጠየቀ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 4 ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ 48 በመቶ ያገኘ እጩ ትክክለኛ ድጋፉ ከ44 እስከ 52 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። 45 ያገኘው ተፎካካሪውም ከ41 እስከ 49። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ደግሞ ህዳጉ እጥፍ ያህል ይሆናል። እንዲህ ባለ ጥናት የ3 ነጥብ ብልጫ «ፉክክሩ ቅርብ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግረንም።

በ2022 በፔንሲልቬኒያ የሴኔት ምርጫ የታየው ይኸው ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጥናቶቹ አማካይ መህመት ኦዝን በጥቂቱ ያስቀድም ነበር። ጆን ፌተርማን በ5 ነጥብ ገደማ አሸነፉ።

«ብዙ ሰው ከተጠየቀ አይሳሳትም»

በ1936 የፕሬዝዳንት ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰበሰበ። አልፍ ላንደን ያሸንፋሉ አለ። ሩዝቬልት ከ48 ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደነበር መገመት አያቅትም። ከብዛቱ በላይ የሚያሳስበው፣ ማን ተጠየቀ፣ ማንስ መለሰ የሚለው ነው።

«የስህተት ህዳጉ ሁሉንም ስህተት ይይዛል»

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። ህዳጉ የሚለካው ናሙናው (የሚጠየቁት ሰዎች) በዕጣ በመመረጡ የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። ስልክ የማያነሳው ሰው ስልክ ከሚያነሳው የተለየ አቋም ካለው ህዳጉ ስለዚያ ምንም አይልም። ስልክ የሚያነሳው ሰው ደግሞ እጅግ እያነሰ ሄዷል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ1997 ከደወለላቸው 100 ሰዎች 36ቱ ይመልሱለት ነበር። በ2018 ወደ 6 ወረደ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት አጥኚዎቹ መልሶቹን በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በዘር ያመዛዝናሉ፤ ይኸውም ጥቂት ሰው ከመለሰበት ወገን የመጣውን መልስ ክብደት ይጨምራሉ፣ ከበዛበት ይቀንሳሉ። ማን በእርግጥ ወጥቶ እንደሚመርጥም ይገምታሉ። ግምቱ ምን ያህል እንደሚለያይ በ2016 የፕሬዝዳንት ምርጫ ታይቷል። ኒውዮርክ ታይምስ የ867 የፍሎሪዳ መራጮችን መልስ እንዳለ ለ4 የጥናት ቡድኖች ሰጠ። የራሱ ስሌት ሲጨመር 5 ውጤት ወጣ። አንዱ ክሊንተንን በ4 ነጥብ ያስመራል፣ ሌላው ትራምፕን በ1 ነጥብ። ሰዎቹም መልሶቹም አንድ ናቸው። የተለየው ስሌቱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ብዙ የክፍለ ግዛት ጥናቶች መልሶቹን በትምህርት ደረጃ አላመዛዘኑም ነበር። ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ለጥናት መልስ ለመስጠት ይቀናዋል፤ ያኔ ደግሞ ወደ ክሊንተን ያደላ ነበር። በዊስኮንሲን ክሊንተን በ6 ነጥብ ገደማ ሲመሩ ቆይተው ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ተሸነፉ።

«የብዙ ጥናቶች አማካይ ከተወሰደ ስህተቱ ይጠፋል»

አማካይ ከአንድ ጥናት ይሻላል። ግን ሁሉም ጥናቶች አንድ ዓይነት ሰው ከዘለሉ አማካዩም ያንኑ ሰው ይዘላል። በ2020 በሜን ክፍለ ግዛት የሴኔት ምርጫ በይፋ ከወጡት ጥናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሣራ ጊዲየንን ያስቀድሙ ነበር። ሱዛን ኮሊንስ ከ8 ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፉ።

«ፖል ለዲሞክራቶች እንዲያደላ ተደርጎ ነው የሚሠራው»

ኒው ጀርሲን እንይ። በ2021 የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ጥናት ዲሞክራቱን አገረ ገዥ መርፊን በ11 ነጥብ አስመራ። እሳቸው ያሸነፉት በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የጥናቱ ኃላፊ ፓትሪክ መሪ በጋዜጣ ጽፈው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ማድረጋቸውን አከብራለሁ። ከ4 ዓመት በኋላ በዚያው ክፍለ ግዛት ብዙዎቹ ጥናቶች የዲሞክራቷን ማይኪ ሸሪልን ብልጫ ከ10 ነጥብ በታች አድርገውት ነበር። ከ13 ነጥብ በላይ አሸነፉ። ስህተቱ ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

«የእኛ ሰው ድምፅ ፖሉ ላይ ይታያል»

በ2021 የቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ አንዳንድ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን በይፋ ደግፈው ቀሰቀሱ። ያንግኪን በ63 ሺህ ድምፅ ገደማ ልዩነት ሲያሸንፉ «እኛ ነን ያስመረጥናቸው» የሚል ብዙ ተሰማ። ሌላው ወገን ደግሞ «ምንም አልፈየድንም» አለ። በክፍለ ግዛቱ ጥናቶች አንዱንም ማረጋገጥ አይቻልም። ከመራጩ 1 በመቶ ነን ብንል እንኳ 800 ሰው በተጠየቀበት ጥናት ውስጥ 8 ብንሆን ነው። ከ8 ሰው ስለ አንድ ማኅበረሰብ ምንም መናገር አይቻልም።

ሌላም አለ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚካሄዱት በእንግሊዝኛ፣ አልፎ አልፎም በስፓኒሽ ነው። ዜግነት ያገኙ፣ በየምርጫው ድምፅ የሚሰጡ፣ እንግሊዝኛ ግን የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች አሉን። የማያውቁት ቁጥር ሲደወል «ኖ ኢንግሊሽ» ብለው ይዘጋሉ። የምርጫው ቀን ግን በልጆቻቸው መኪና ሄደው ይመርጣሉ። ድምፃቸው እንደማንኛውም መራጭ ድምፅ ይቆጠራል። በየስልካችን የሚዞረው ቁጥር ውስጥ ግን የሉበትም።