ሻለቃ ፒዬትሮ ቶዜሊ፦ ከሐላይ እስከ አምባላጌ

ሻለቃ ፒዬትሮ ቶዜሊ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ኤርትራ ያገለገለ መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንት፣ ፔቬራኞ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሙያው መድፈኛነት ነበር። ስሙን ያገነነው ግን የአንድ ቀን ሽንፈት ነው፤ ህዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ከወደቀ በኋላ በበርካታ የጣሊያን ከተሞች ጎዳና ተሰይሞለታል።

የቶዜሊን ማንነት ይበልጥ የሚያሳየው፣ በእኔ እምነት፣ በኤርትራ የተካሄደው የሐላይ ዘመቻ ነው። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ቀድሞ ለጣሊያን ያደሩ ሰው ነበሩ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የገበሬውን መሬት ለጣሊያን ሰፋሪዎች ለመስጠት መንጠቁ ግን አስቆጣቸውና በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. የአካለ ጉዛይን ጣሊያናዊ ሹም አስረው ተነሡ። የሐላይን ምሽግ ሲዋጉ ቶዜሊ በአገሬው ተወላጆች የተሞላ ጦሩን ይዞ ደረሰባቸው፤ ባሕታም እዚያው ወደቁ። በጥይት የተገናኙት በአብዛኛው የአንድ አገር ልጆች ነበሩ፤ የዚህ ጦርነት መራራነቱም እዚህ ላይ ነው። በወሩ ቶዜሊ ኮዓቲት ላይ ከትግራዩ ገዥ ከራስ መንገሻ ጦር ጋር ተዋጋ።

የሚያዝዘው 4ኛው ሻለቃ ጦር በአስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን በሚዋጉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች፣ የተሞላ ነበር። አስካሪው ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ይደፋ ነበር፤ ወገቡ ላይ የሚጠመጥመው መቀነት የጦሩን መለያ ቀለም ይይዝ ነበር፤ የ4ኛው ጥቁር ነበር።

አምባላጌ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከደቡብ ወደ መቀሌ የሚወስደውን መንገድ የሚቆጣጠር ተራራ ነው። ቶዜሊ ከ2 ሺህ በጥቂቱ የሚበልጥ ሠራዊትና አራት የተራራ መድፎች ይዞ፣ ጣሊያናዊው ጄኔራል አሪሞንዲ ይደርስልኛል ብሎ ጸና። አልደረሰለትም። በራስ መኮንን የሚመራው፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ያሉበት የአፄ ምኒልክ ግንባር ቀደም ጦር ከየአቅጣጫው ወጣበት። ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ ቶዜሊ ተገደለ፤ አሪሞንዲ ዘንድ የደረሱት የተረፉት ጥቂት መቶዎች ናቸው።

ራስ መኮንን የጠላታቸውን አስከሬን በክብር አስቀበሩ። ብዙዎቹ የሞቱት አስካሪዎች ግን በጦርነቱ ትረካዎች ውስጥ የሚጠሩት በቁጥር ብቻ ነው። የራስ መኮንን ጦር ወደ መቀሌ ቀጠለ፤ እዚያ ምሽጉን ይዞ የጠበቀው ጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ ነበር።