ባሮነስ ኤልሳ፦ ውዳቂ ዕቃ ያነገሠችው ሴት

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1913፣ ኒውዮርክ። አንዲት የ39 ዓመት ጀርመናዊት ልታገባ ወደ ማዘጋጃ ቤት እየሄደች ነው። መንገድ ላይ የዛገ የብረት ቀለበት አየችና ጎንበስ ብላ አነሳችው። ስምም አወጣችለት፦ «ዘላቂ ጌጥ»። ታሪኳን የጻፉ ሰዎች የሚተርኩት እንዲህ ነው። ባልየው በዓመቱ ዓለም ጦርነት ሲገባ ወደ አውሮፓ ተሳፈረ፤ አልተመለሰም። የዛገው ቀለበት ግን ዛሬም አለ።

ሴትዮዋ ኤልሳ ፎን ፍራይታግ-ሎሪንግሆቨን ናት። ባሮነስ የሚለውን ማዕረግ ያገኘችው ከዚሁ ትዳር ነው። ማዕረጉ እንጂ ገንዘቡ አልመጣም። የተወለደችው በ1874 ስቪነሙንደ በምትባል የባልቲክ ባሕር ወደብ ነው፤ ከተማዋ ያኔ የጀርመን ነበረች፣ ዛሬ የፖላንድ ናት። አባቷ ግንበኛ ነበር። ወጣት ሳለች በርሊን ገባች፣ አንድ አርክቴክት አገባች፣ ፈታች። ሁለተኛው ሰው ደራሲ ነበር፤ ዕዳ ሲያሳድደው ራሱን ያጠፋ አስመስሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እሷም ተከተለችው። ኬንታኪ ውስጥ ገበሬ ሆነው ትንሽ እንደቆዩ ጥሏት ጠፋ። ኒውዮርክ ስትደርስ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከዚያም ለሠዓሊዎች የምትቀመጥ ሞዴል ሆነች።

ስሟ የሚነሳው ዳዳ ከሚባለው የጥበብ ንቅናቄ ጋር ነው። ዳዳን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ጦርነቱ አውሮፓን ሲፈጅ፣ በ1916 ዙሪክ ውስጥ የተሰባሰቡ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች የጀመሩት ዐመፅ ነው። ይህን ሁሉ እልቂት የወለደው ሥልጣኔ ስለ ውበት ሊያስተምረን አይችልም ባዮች ናቸው። ትርጉም የለሽ ግጥም፣ ቀልድ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ መሣሪያቸው ሆነ። ኒውዮርክም የራሷ ዳዳ ነበራት፤ በ1915 ከፈረንሳይ የመጣው ማርሴል ዱሻምፕና አሜሪካዊው ማን ሬይ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ እንዳለ አንስቶ ጥበብ ነው ማለት፣ ማለትም «ሬዲሜድ»፣ በዱሻምፕ ስም የታወቀ ነው።

ሴቶቹስ? ከመጀመሪያው ነበሩ። ዙሪክ ላይ የዳዳን ካባሬ፣ ማለትም የዘፈንና የግጥም ምሽት ቤት፣ ከገጣሚው ሁጎ ባል ጋር የከፈተችው ኤሚ ሄኒንግስ ናት። በርሊን ውስጥ ፎቶ ቆራርጣ እያጣበቀች የምትሠራው ሐና ሆክ በ1920ው የዳዳ ዐውደ ርዕይ እንዳትሳተፍ የገዛ ጓዶቿ ተቃውመዋት ነበር። ሁሉን አፈርሳለሁ የሚለው ንቅናቄ ይቺን ልማድ ግን ሳያፈርሳት ቀርቷል።

የኤልሳ ነገር ከሌሎቹ የሚለየው ሸራዋም መድረኳም ገላዋ መሆኑ ነው። በ1917 ፊላደልፊያ ውስጥ ሞዴል ልትሆንለት የመጣችውን ኤልሳን ሠዓሊው ጆርጅ ቢድል በትዝታው ጽፏታል። ጡቶቿን የሸፈነችው በሁለት የቲማቲም ጣሳ ነው፤ በአረንጓዴ ገመድ ከኋላ ታስረዋል። በጣሳዎቹ መሐል ትንሽ የወፍ ቀፎ ተንጠልጥላለች፤ ውስጧ ደግሞ ያዘነች ካናሪ ወፍ። ክንዷ ላይ ያለ ክፍያ ከሱቅ የወጡ የመጋረጃ ቀለበቶች። በሌላ ጊዜ ጉንጯ ላይ ቴምብር ለጥፋ፣ ጆሮዋ ላይ የሻይ ማንኪያ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ራሷን ቀይ ቀለም ቀብታ ትወጣለች። ቁራሌው ቢያገኛት ሒሳብ ይጀምር ነበር። ብዙዎች እብድ አሏት። እኔ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚታየኝ፤ ዕቃውን ከመንገድ አንስታ ሙዚየም አላስገባችም፣ መልሳ መንገድ ላይ አወጣችው እንጂ።

ጉዳቱም ከዚሁ መጣ። የለበሱት ነገር ያልቃል፣ ይወድቃል። የዱሻምፕን መልክ በወይን ብርጭቆና በላባ የሠራችበት ሥራ ዛሬ የቀረው ቻርልስ ሺለር ባነሳው ፎቶ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ክርክር በዱሻምፕ ስም የሚታወቀውን «ፏፏቴ» የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። በ1917 አር. ሙት በሚል ፊርማ ለዐውደ ርዕይ የተላከውና ተቀባይነት ያጣው የወንዶች ሽንት መሽኛ። ዱሻምፕ በዚያው ሚያዝያ ለእህቱ ሲጽፍ፣ አንዲት ሴት ጓደኛዬ በወንድ የብዕር ስም ላከችው ብሏል። አንዳንዶች ያቺ ሴት ኤልሳ ናት ይላሉ። ይሁን እንጂ ዕቃው ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት የሚነበበው አድራሻ የሌላ ሴት፣ የሉዊዝ ኖርተን ነው፤ ኤልሳም ሥራው የኔ ነው ያለችበት ጽሑፍ አልተገኘም። እዚህ ክርክር ላይ ገንዘብ አላስይዝም።

«እግዚአብሔር» የሚለው ሥራ ይሻለኛል። የዚያው የ1917 ነው። ከመታጠቢያ ሥር የሚገጠመው ጠማማ የብረት ቧንቧ፣ አናጢ እንጨት በማዕዘን ሲቆርጥ መጋዙን በሚመራበት ሣጥን ላይ ቆሟል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሜሪካ በቧንቧዋና በድልድይዋ ስትኮራ፣ ኤልሳ ቧንቧውን ራሱን አምላክ ብላ አቆመችላት። ሥራው ለረጅም ዘመን የሚታወቀው ፎቶውን ባነሳው በሞርተን ሻምበርግ ስም ብቻ ነበር። ሻምበርግ በ1918 በኅዳር በሽታ ስለሞተ የተናገረው ነገር የለም።

ግጥምም ነበራት። ከ1918 ጀምሮ «ሊትል ሪቪው» የተባለው መጽሔት በማርጋሬት አንደርሰንና በጄን ሂፕ አዘጋጅነት ያትምላት ነበር። ነጠላ ቃላት፣ ሰረዝ፣ ግልጽ የሥጋ ነገር። አንባቢ በደብዳቤ ይሳደባል፣ አዘጋጆቹ ይመልሱላታል።

በ1923 ወደ በርሊን ተመለሰች። ጀርመን በዋጋ ንረት ደቅቃ ነበር፤ ኤልሳም ጎዳና ላይ ጋዜጣ እስከ መሸጥ ደረሰች። ደራሲዋ ጁና ባርንስና ሌሎች ወዳጆች እየረዷት ፓሪስ ገባች። ታኅሣሥ 14 ቀን 1927 ክፍሏ ውስጥ በጋዝ ታፍና ሞተች። አደጋም ይሁን ሌላ፣ ወዳጆቿም አልተስማሙበትም።

ደብዳቤዎቿንና የእጅ ጽሑፎቿን ለዐሥርት ዓመታት ያስቀመጠችው ባርንስ ናት። ዛሬ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። አይሪን ጋሜል የሕይወት ታሪኳን በ2002 አሳተመች፤ ግጥሞቿ በአንድ ጥራዝ የወጡት ደግሞ በ2011 ነው። ቧንቧው ፊላደልፊያ የጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ አሁን ከሻምበርግ ስም ጎን የሷም ስም ይጻፋል።