ከብስክሌት ወድቆ የተነሣ ሁሉ አልተረፈም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኮምቦልቻ ሜዳ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የሚለቁትም አሉ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ፍሬኑም ሲግል ይከዳል። መውደቅ አይቀርም። ብዙ ጉዳት የሚከፋው ግን ከወደቁ በኋላ በሚደረገው ነው።

«አብሽር፣ ተነሥ!»

የወሎ ሰው የወደቀን አይቶ አያልፍም። «አብሽር! አብሽር!» እያለ ሮጦ ብብቱን ይዞ ያነሣል፣ ባጃጅ ላይ ያስቀምጣል፣ ውሃ ያጠጣል። ደግነቱ የሚያኮራ ነው፤ ጥድፊያው ግን ይጎዳል። በጭንቅላቱ የወደቀ ሰው የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ጎትቶ ማስቀመጥ ደግሞ ገና ያልተነካውን ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል።

መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርስበት አንድ ሰው የሚመጣውን መኪና ያስቁም። ከዚያ ሳታነሡት ጠይቁት፦ አንገትህን ያምሃል? እጅ እግርህ ደንዝዟል? ጣቶችህን ታንቀሳቅሳለህ? መልሱ ካስጠረጠረ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በእጅ ደግፋችሁ አቆዩትና 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። አምቡላንስ ከጠፋ በሰፊ ጣውላ ላይ አጋድማችሁ በፒክአፕ ውሰዱት፤ ባጃጅ ውስጥ አጥፋችሁ አታስቀምጡት። የሚያስታውክ ከሆነ ራሱ፣ ትከሻውና ዳሌው አንድ ላይ እንዲዞሩ አድርጋችሁ በጎኑ አስተኙት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

«ራሱን አልሳተም፤ እንዳይተኛ ብቻ ጠብቁት»

በራስ ቅሉ ውስጥ የሚደማ ሰው ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊያወራና ሊበላ ይችላል። ደሙ ተጠራቅሞ አንጎሉን ሲጫነው ነው የሚወድቀው። እንቅልፍ ራሱ አይገድልም፤ አደጋው ሲተኛ ምልክቱን የሚያይለት ሰው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ 24 ሰዓት ብቻውን አይሁን፤ ሌሊት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀስቅሳችሁ ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከቀባጠረ፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማትን ያባብሳሉ።

«ሆዱ ላይ ትንሽ ጭረት ነው»

ይህኛው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር ማለት አለበት። ብስክሌት ሲገለበጥ መሪው ይዞርና ጫፉ ሆድ ላይ ይተከላል፤ በተለይ በልጆች ላይ። ቆዳው ላይ የሚቀረው ሳንቲም የሚያህል ክብ ምልክት ብቻ ነው። ውስጥ ግን ጣፊያ ወይም ጉበት ሊሰነጠቅ፣ ቆሽት ወይም አንጀት ከጀርባ አጥንት ጋር ተጣብቆ ሊጨፈለቅ ይችላል። የአንጀትና የቆሽት ጉዳት ከአንድ ቀን በኋላም ሊገለጥ ይችላል። ብስክሌቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቁጣ ፈርቶ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ልብሱን ገልጣችሁ እዩ። ሆዱ ከጠነከረ፣ ትከሻው ሳይመታ የግራ ትከሻውን ካመመው፣ ካስታወከ፣ ከገረጣና ላብ ካሰመጠው፣ ሽንቱ ከቀላ አልትራሳውንድና ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም ውሃም አትስጡት። ለሐኪሙም «ከሳይክል ወደቀ» ብላችሁ አትተዉት፤ «መሪው ሆዱን ወጋው» በሉት። ምርመራው ይለወጣል።

«ቡና ነስንሱበት»

ቡና ቁስሉን ይሸፍናል፣ ጠጠርና አፈሩን ከሥር ይቀብራል። አረቄ ደግሞ ደህናውን ሥጋ ያቃጥላል። ደም የሚቆመው በጫና ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሙሉ፣ እየገለጡ ሳያዩ። ከዚያ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ። መንጋጋ ቆልፍ የሚመጣው ከዝገት ብቻ ይመስላል እንጂ ተህዋሱ ያለው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው፤ ከብት የሚነዳበት መንገድ ላይ የተላጠ ጉልበት ይበቃዋል። የመጨረሻ ክትባቱን ከወሰደ 5 ዓመት ያለፈው ወይም የማያስታውስ ሰው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይከተብ። እናቶች በእርግዝና ይከተባሉ፤ ወንዶች ግን ይህ አጋጣሚ የላቸውም።

«ለስብራት ወጌሻ ይበቃል»

ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይታመናል። ግን ራጅ የለውም። ትኩስ ስብራት ለቀናት ያብጣል፤ በዚያ ላይ ቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ይዘጋል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ ሊሞት ይችላል። በአገራችን የልጆች እጅ ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ነው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት ቅላቱ በሁለት ሰከንድ ካልተመለሰ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱት፤ ወጌሻው እስኪመጣ አትጠብቁ። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ ጭራሽ ወደዚያ አይኬድም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ሆስፒታል እስኪደርስ ስብራቱን ለመደገፍ የታጠፈ ካርቶንና ነጠላ ይበቃል፦ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን ሁለቱን መገጣጠሚያዎች ይዞ፣ ጣት እየታየ። በቅቤ ማሸት ይቅር፤ የውስጡን መድማት ይጨምራል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ 15 ደቂቃ ያስታግሳል።

«ጣቱን ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም»

ስሕተት። በመዳፉ ተደግፎ የወደቀ ሰው በአውራ ጣቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ስትጫኑት ካመመው ትንሿ የእጅ አንጓ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይም ትችላለች፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም።

«በሽማግሌ ከጨረስን ፖሊስ ምን ያደርጋል?»

መኪና ወይም ባጃጅ ገጭቶ ከሆነ እርቁ በአበጋሮቹ፣ በአስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ይሁን፤ ወሎ ያውቅበታል። ግን ሐኪም ሙሉ ምርመራ ሳያደርግ «ይህን ያህል ብር ይበቃኛል» ተብሎ አይፈረም፤ የሆድና የራስ ጉዳት ነገ ሊወጣ ይችላል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ከሌለ ኢንሹራንሱን መጠየቅ ይከብዳል። ታርጋውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን (ኢንሹራንስ) ምልክት ፎቶ አንሡ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ይሰጥ ይላል፤ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር፣ አሁን ያለውን ሆስፒታሉ ውስጥ ጠይቁ። ገጪው ታርጋው ሳይታይ ቢያመልጥም ለአካል ጉዳት የመድን ፈንዱ አለ፤ ስለዚህ «ማንን እከሳለሁ» ብላችሁ ሪፖርቱን አትተዉት። የሕክምና ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ፤ ብስክሌቱም ፎቶ ሳይነሣ አይጠገን።