የጨረር ሙቀት ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። መጋቢት ላይ፣ በቀትር፣ ታክሲ ስትጠብቁ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስልካችሁ ግን 25 ዲግሪ ይላል። ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ የብሎኩ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሹራብ ያምራችኋል። አየሩ እዚህም እዚያም ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለየው የጨረር ሙቀቱ ነው።

ይህ ከፀሐይ፣ ከአስፋልቱ፣ ከግድግዳውና ከቆርቆሮው ተነስቶ በቀጥታ ገላችን ላይ የሚያርፍ ሙቀት ነው። የማድ ቤቱ አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ምጣድ ፊት የቆመ ሰው ፊቱ የሚለበለበው በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተዘረጋች ፀሐዩን የሚያጣራው አየር ስስ ነው። በጠራ ቀን ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው የጨረር ሙቀቱ ከአየሩ ሙቀት በ20 እና በ30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

የሜትሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር ይህን አያሳይም። ሆን ተብሎ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ ከፀሐይ ተከልሎ ይቀመጣላ! ሥራው የአየሩን ሙቀት መለካት ነው። የሳተላይት ካርታ ደግሞ ከላይ ሆኖ ጣሪያና መሬት ነው የሚያየው፤ ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት የሚያልፈውም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሰው መንገድ ላይ የሚቃጠለው ከዚያ በኋላ።

ታዲያ በምን ይለካል? የተለመደው መሣሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከመዳብ የተሠራ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም የተቀባ ባዶ ኳስ ነው። መሃሉ ላይ ቴርሞሜትር ይገባል። ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ማለትም የቆመ ሰው ወገብ አካባቢ፣ ማቆምና ሙቀቱ እስኪረጋ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው። ነፋስ ኳሱን ስለሚያቀዘቅዘው የነፋሱ ፍጥነትና የአየሩ ሙቀትም አብረው ይለካሉ፤ የጨረር ሙቀቱ ከሦስቱ ይሰላል።

ለከተማ ፕላን ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዛፍ የአየሩን ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ዲግሪ። በቴርሞሜትር ብቻ ከተመዘነ «ይህች ለምን በጀት ትወስዳለች?» ይባላል። በጥቁሩ ኳስ ሲለካ ግን ከጥላው ሥርና ከሜዳው ያለው ልዩነት ፈጦ ይታያል። እኔ የሚያንገበግበኝ በየሳይቱ ዛፉ አደባባይ ላይ ተተክሎ ከብሎኩ እስከ ታክሲ ተራው ያለው መንገድ ራቁቱን መቅረቱ ነው። ጉሊት ዘርግተው ሙሉ ቀን የሚውሉት እናቶች ያሉት እዚያ ነው። ልኬቱም ከእነሱ አጠገብ ይጀመር።

ደግሞ በመጋቢቱ ሙቀት ብቻ ለክቶ መወሰን አይበቃም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሰው ከቤት የሚወጣው ፀሐይ ሊሞቅ ነው። በዚያም ወቅት ተለክቶ፣ ሽማግሌዎችና ልጆች የሚሞቁባት ጥግ ጥላ እንዳይወርድባት ፕላኑ ላይ ክፍት ትተው።