ኦል ሲዝን ጎማ ምንድን ነው?

«ኦል ሲዝን ነው፤ ለሁሉም ይሆናል።»

ይቺን ስለ መኪና ጎማ የምትነገር አባባል መስማት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «ኦል ሲዝን» በእንግሊዝኛ «ሁሉም ወቅት» ማለት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ትንሽ መኪና ለገዛች ልጅ ሲመክራት አጋጠመኝ። የምትነዳበት አካባቢ ሐሩርም፣ ከባድ ዝናብም፣ በረዶም እንዳለው ነግራዋለች። እሱ ግን «ኦል ሲዝን አስገቢና ተገላገይ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጎማ ማሰብ የለብሽም» አላት። ምክሩ ቅን ነው። ግን ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ፍሬን በተረገጠ ጊዜ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጎማ ላይ የተጻፈው የመጠን ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ አላብራራም። እሱን የትኛውም ጎሚስታ በ2 ደቂቃ ያሳያችኋል። ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው።

የችግሩ አንድ ክፍል የሚጀምረው ከራሳችን ቋንቋ ነው። «ዊንተር ታየር» የሚባለውን ብዙ ሰው «የክረምት ጎማ» ይለዋል። እኛ ክረምት ሲባል የሚታየን ዝናብ ነው። ስለዚህ ሰሚው ለጭቃና ለጎርፍ የተሠራ ጎማ ይመስለዋል። አይደለም፤ ያ ጎማ የተሠራው ለብርድ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ ይህንን የብርድ ጎማ፣ «ሰመር ታየር» የሚባለውን ደግሞ የሙቀት ጎማ እላቸዋለሁ። «በረዶ» የሚለው ቃልም ያምታታል። እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም፣ መንገድ ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ለጎማ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጎማን ለማስረዳት ከማስቲካ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። እያኘካችሁት ያለው ማስቲካ ለስላሳ ነው፤ የነካውን ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡበት። ወዲያው ይጠጥራል፤ አልጣበቅ ይላል። ትኩስ ነገር ጠጡበት። ይሟሟል፤ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። የጎማም ነገር እንደዚሁ ነው። ጎማ መንገድን የሚይዘው ላስቲኩ ለስልሶ አስፋልቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶችና ጉብታዎች ውስጥ ሲገባ ነው። ከጠጠረ ከላይ ከላይ ይሄዳል እንጂ አይገባም።

የጎማ ፋብሪካ ዋና ጥበብ ማስቲካው በስንት ዲግሪ እንደሚለሰልስ መወሰን ነው። የሙቀት ጎማ ሐሩር ላይ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲኬድ ግን እየጠጠረ ይመጣል። (7 የምትባለዋን ቁጥር እንደ በር አትዩአት። 8 ላይ ጥሩ፣ 6 ላይ መጥፎ የሚሆን ጎማ የለም። ለውጡ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው።) የብርድ ጎማ ከዜሮ በታችም ለስላሳ ነው። በሐሩር ደግሞ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ መሪ ሲዞር ይዋልላል፣ የፍሬን ርቀቱም ይረዝማል። ኦል ሲዝን የሁለቱ መሃል ነው።

ስለዚህ ኦል ሲዝን ማለት በሁሉም ወቅት ጎበዝ ማለት አይደለም። በአብዛኛው የዓመቱ አየር እጁን የማይሰጥ ማለት ነው። በሐሩር የሙቀት ጎማ ይበልጠዋል። በብርድ የብርድ ጎማ ይበልጠዋል። እሱ የሚያሸንፍበት ወቅት የለውም። ጥቅሙም ሌላ ነው፤ ሁለት ዙር ጎማ ከመግዛት፣ ከማስቀመጥና በየጊዜው ከማስቀየር ያድናል። ብርዱም ሙቀቱም ልከኛ ለሆነበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ሰው እኔም ኦል ሲዝን ነው የምመክረው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ስሙ በየገበያው አንድ ዓይነት ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። የአሜሪካው ጎማ አምራች ጉድይር «ቲየምፖ» የተባለውን ጎማ በ1977 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ኦል ሲዝን አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ጎማ ሆነ። እዚያ በዚህ ስም የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ወደ ሙቀቱ ያደላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን በዚሁ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ወደ ብርዱ ጠጋ ያለ፣ የበረዶ ፈተና ያለፈ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት «ኦል ዌዘር» እያሉ ይለዩታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የፈረንሳዩ ጎማ አምራች የሚሽሊን «ክሮስክላይሜት» የዚህ ዓይነት ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች «ኦል ሲዝን አለኝ» ቢሉ ስለ ሁለት የተለያዩ ጎማዎች እያወሩ ሊሆን ይችላል። አንዱ በረዶ ላይ ሲወጣ ሌላው እዚያው ቆሞ ይሽከረከራል።

ታዲያ በምን ይለያል? የጎማውን ጎን ማየት ነው።

መካሪያችን እዚህም ላይ ተሳስቷል። «ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) የሚል ካለበት የበረዶ ጎማ ነው» አላት። ይኼኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል። ምክንያቱም ሰው ምልክት አይቶ ልቡ ያርፋል። ፊደሎቹ የጭቃና የበረዶ የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ምልክቱን ለመለጠፍ ፋብሪካው በረዶ ላይ ሞክሮ እንዲያሳይ አይጠየቅም። ምልክቱ በዋናነት የሚናገረው ስለ ጎማው ጥርስ ቅርጽ ነው፤ ቦዮቹ ሰፋ ያሉ፣ ክፍተቱ በዛ ያለ መሆኑን። ወደ ማስቲካችን እንመለስ። የጠጠረ ማስቲካ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል የጥርስ ምልክት ብታወጡበት ለስላሳ አይሆንም። ቅርጽ ሌላ፣ ላስቲኩ ሌላ።

ቅርጽ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጥርሱ ላይ ያሉት ስስ ስንጥቆች ሲተጣጠፉ በረዶውን የሚነክስ ጠርዝ ይፈጥራሉ። ቦዮቹ ውስጥ የሚታጨቀውም በረዶ መንገዱ ላይ ካለው በረዶ ጋር ይያያዛል። በረዶ በረዶን ከላስቲክ በተሻለ ይይዛል። የብርድ ጎማ ቦይ በረዶ ይዞ ብታዩ ጎማው ሥራውን እየሠራ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚሠራው ላስቲኩ መተጣጠፍ ሲችል ነው።

የምትፈልጉት ምልክት ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ነው። ይህ ምልክት ያለበት ጎማ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ለማወዳደሪያ ከተቀመጠው መመዘኛ ጎማ መብለጡን ማሳየት አለበት። ጀርመን ለምሳሌ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ ያለበትን ጎማ እንደ ብርድ ጎማ መቁጠር አቁማለች። የምትቀበለው ተራራውን ነው።

ግን ተራራውም ገደብ አለው። ፈተናው የሚደረገው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ነው ብያለሁ። መስታወት በመሰለው በረዶ ላይ አይደለም። ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ተራራ ያለበት ኦል ሲዝን በነጩ በረዶ ላይ ያስኬዳል፤ መንገዱ ሲያብረቀርቅ ግን ያው ጎማ ሊከዳ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ በረዶ ነው። ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚኖር ብርዱ ከጠነከረበት በረዶ የበለጠ ያንሸራትታል። እንዲህ ያለ መንገድ በየሳምንቱ የሚገጥመው ሰው እውነተኛ የብርድ ጎማ ይግዛ። እዚህ ላይ ብልሃት የለም።

አሁን ወደ ዋጋው። ትንሽ መኪና ያለው ሰው አንድ ዕድል አለው፤ ትንሽ ጎማ ርካሽ ነው። መኪናው በሁለት መጠን እንዲሄድ ከተፈቀደለት በትንሹ ቸርኬ የሚሄደውን ምረጡ። ዋጋው ይቀንሳል። ጠበብ ያለ ጎማ ደግሞ የተኛ ውሃንና ለስላሳ በረዶን ከሰፊው በተሻለ ሰንጥቆ ይወርዳል። ከተፈቀደው ውጭ ግን አትውጡ። በተለይ የጭነት ቁጥሩ ላይ አትቆጥቡ። 82 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። መኪናችሁ 82 ከፈለገ 79 በቅናሽ ቢገኝም አይገዛም።

ርካሽ ጎማ የሚጋለጠው ደረቅ አስፋልት ላይ ሳይሆን በዝናብ ነው። በደረቅ መንገድ ሁሉም ጎማ ጥሩ ይመስላል። እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ጥሩው የቆመበት ቦታ ላይ ደካማው ገና እየሄደ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ የእርጥብ መንገድ ደረጃውን እዩ። የአውሮፓ የጎማ መለያ ወረቀት ከኤ (ምርጡ) እስከ ኢ ያስቀምጠዋል። በዝምታና በነዳጅ ቁጠባ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ እዚህኛው ላይ ግን ባትወርዱ እመርጣለሁ። አሜሪካ ገበያ ላይ ያለ ጎማ ጎን ደግሞ «ትሬድዌር» (TREADWEAR) ከሚል ቃል ጋር እንደ 400 ወይም 600 ያለ ቁጥር ታያላችሁ። ትልቅ ቁጥር ቶሎ አያልቅም ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ የአንዱን ብራንድ ከሌላው ጋር በእሱ ብቻ አታወዳድሩ። ለብዙ ዘመን እንዲያገለግል ተብሎ የጠጠረ ላስቲክ በብርድና በዝናብ የሚያስከፍለው ነገር አለ።

ያገለገለ ጎማ በርካሽ መግዛትን አልደግፍም። ማስቲካ አስቀምጣችሁት ሲቆይ ምን ይሆናል? ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጎማም ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች አንብቡ። 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ ይላሉ፤ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር። የጥርሱ ጥልቀትም እንደዚሁ ነው። በብዙ አገር ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን ለዝናብ ከ3፣ ለበረዶ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ አላምንም። ጥርሱ ያለቀ ኦል ሲዝን በረዶ ላይ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

ንፋስም አለ። የውጭው ሙቀት ከነበረበት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ንፋስ በ0.1 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ብርድ ሲገባ ጎማው ሳይሞቅ በፊት ለኩ። የምትሞሉት ልክ በሾፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈው ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትከተሉ።

አራቱንም በአንዴ መግዛት ካልቻላችሁ ሁለቱን አዲሶች ከኋላ አስገጥሙ። ይህን ስል ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል። «መኪናዬን የሚስበው የፊቱ ነው፤ አዲሱ ለምን ከኋላ?» ይሉኛል። የፊት ጎማ ሲከዳ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ስትለቁ ይመለሳል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን የሚያስተካክል ሾፌር ጥቂት ነው። ከፊት የብርድ ጎማ፣ ከኋላ የሙቀት ጎማ አድርጎ በረዶ ላይ መንዳት ደግሞ ይህንኑ አደጋ በገዛ እጅ መጥራት ነው። ለዚያች ልጅ ብደርስላት መጀመሪያ የምነግራት ይህንን ነበር፤ ከዚያ ተራራውን።