ቴዲ ሺን፦ በ18 ዓመቱ ከመርከቡ ጋር የሰጠመው አውስትራሊያዊ መርከበኛ

ኤድዋርድ ሺን ነው ሙሉ ስሙ፣ ሰው ሁሉ ግን ቴዲ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1923 ታዝማንያ ደሴት ሎወር ባሪንግተን ገጠር ውስጥ ተወለደ፣ ለቤቱ 14ኛ ልጅ ነው፣ አባቱም የጉልበት ሠራተኛ ነበር። እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆይቶ ወንድሞቹ ጦሩን ሲቀላቀሉ እሱም በ1941 በ17 ዓመቱ ባህር ኃይል ገባ።

ሲድኒ እያለ ማደሪያው ኩታቡል የምትባል ጀልባ ነበረች። ለእረፍት ቤተሰቦቹ ጋ በሄደበት የጃፓን ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦች ወደቡ ገብተው አሰጠሟትና 21 መርከበኛ አለቀ። ከዛ አርሚዴል የምትባል ኮርቬት (አነስተኛ የጦር መርከብ) ላይ ተመደበ፣ ሥራው ኦርሊኮን ለሚባለው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጥይት ማጉረስ ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1942 አርሚዴል የሆላንድ ወታደሮችን ጭና ቲሞር አካባቢ ስትጓዝ 13 የጃፓን አውሮፕላኖች ወረዱባት፣ ሁለት ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) መታትና መርከቧን ልቀቁ ተባለ። ቴዲ የነፍስ አድን ታንኳ ፈትቶ ካወረደ በኋላ ደረቱና ጀርባው ላይ ተመታ፣ መዝለል ይችል ነበር እኮ፣ እሱ ግን ተመልሶ ራሱን ከኦርሊኮኑ ጋር አሰረና ውሃ ውስጥ ያሉ ጓደኞቹን በመትረየስ የሚፈጁትን አውሮፕላኖች መተኮስ ጀመረ። አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን መትቶ ጣለ። የተረፉት እንደመሰከሩት ውሃው ውጦት እንኳን ጥይቱ ከባህሩ ውስጥ ሲወጣ ይታይ ነበር።

ከ149 ሰው የተረፈው 49 ብቻ ነው። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ ታንኳ ላይ ሲንሳፈፉ የነበሩትን የፍለጋ አውሮፕላን አግኝቷቸው ፎቶ ሁሉ አንስቷቸዋል፣ ማዕበሉ ግን ውሃው ላይ አላሳርፍ ስላለው ተመለሰ፣ ከዛ ወዲያ ያያቸው የለም።

ለቴዲ በጊዜው የተሰጠው በሪፖርት ላይ ስሙን በክብር መጥቀስ ብቻ ነው። ምስክሮቹ ከመጀመሪያው ያሉ ናቸው፣ ያዩትንም ተናግረዋል፣ ትልቁን ሜዳልያ ያዘገየው የቢሮ ነገር ነው ባይ ነኝ። በ1999 ሰርጓጅ መርከብ በስሙ ተሰየመለት። ትልቁን ሜዳልያ ቪክቶሪያ ክሮስን ግን በ2013 አንድ አጣሪ ቡድን አይገባውም አለ፣ በ2019 ሌላው ይገባዋል ሲል መንግሥት አዲስ ማስረጃ የለም ብሎ መለሰው፣ ሕዝቡ ሲቆጣ እንደገና ቡድን ተቋቋመና በኦገስት 2020 ንግሥት ኤልሳቤጥ አጸደቁት። ከአውስትራሊያ ባህር ኃይል ይህን ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ ቤተሰቡም በዛው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ካንቤራ ላይ ተቀበሉለት።