የስድስት ኪሎው የሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ፦ አንድ ዩኒቨርሲቲ ልብ ወለድና ግጥም እንዴት ይሰበስባል?

የሥነ ጽሑፍ ስብስብ መገንባት ሲባል ስመ ጥር ልብ ወለዶችን ገዝቶ መደርደር ይመስላል። ስመ ጥር መጽሐፍ ግን ደጋግሞ ይታተማል፤ የትም አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ለሌላው ነው። አንዴ ታትሞ ለቀረ የግጥም መድበል፣ መጽሔት ላይ ወጥቶ ለተረሳ አጭር ልብ ወለድ፣ መድረክ ላይ ታይቶ ላልታተመ ተውኔት። እነዚህን ያኔውኑ ያልያዘ ቤተ መጻሕፍት በኋላ በገንዘብም አያገኛቸውም።

በአገራችን ለዚህ ሥራ ቀዳሚው ምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የገባው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ከታኅሣሡ ግርግር፣ ከ1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። መጻሕፍቱ ግን ከተቋሙ ይቀድማሉ። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳሉ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውንና በኢትዮጵያ የታተመውን ለይተው ማሰባሰብ ጀምረው ነበር። የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት የተነሣው ከዚያ ነው።

ከእሳቸውም በፊት መንገዱን ያሳየ ሰው አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገሩ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው በ1920 ዓ.ም ካታሎግ አሳትመዋል። ዛሬም ምን እንደጎደለው ማወቅ የሚፈልግ ሰብሳቢ ያንን ዝርዝር ቢያገላብጥ አይከስርም።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው እትምና አሥረኛው እትም ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ናቸው። መቅድሙ ይለወጣል፣ ፊደሉ ይታረማል፣ አንዳንዴ አንቀጽ ይወጣል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ። በኋላ ዘመን የታተመውን ማንም ገዝቶ ያነባል። የዚያን ጊዜውን ቅጂ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ይህ እኮ አለን፣ አዲሱን እንያዝና አሮጌውን እናስወግድ» የሚል የመጋዘን ኃላፊ ካለ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

መጽሔትና ጋዜጣውም እንዲሁ ነው። የአማርኛ አጭር ልብ ወለድና ግጥም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ያየው ብርሃን የመጽሔት ገጽ ነው። «መነን»ን፣ «የካቲት»ን፣ የደራስያን ማኅበሩን «ብሌን» ያልያዘ ቤተ መጻሕፍት ስለ ደራሲ አነሳስ ብዙ የሚለው የለውም። ችግሩ መጽሔት መጣሉ ነው። ቤት ሲጸዳ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ የቀረው ስንት እንደሆነ የሱቅ ባለቤቶች ይቁጠሩት።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ፤ እውነተኛው ራስ ምታት ያለው እዚህ ነው። ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ ኮፒውን በመኪና ጭኖ፣ ለመጻሕፍት መደብሮችና ለአዟሪዎች ያከፋፍላል። ካለቀ አለቀ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚገዛው በፕሮፎርማና በጨረታ ነው፤ በጀቱ ጸድቆ ግዢው እስኪፈጸም መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቷል። በኋላ የሚገኘው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ነው። ሻጩ መጽሐፉን ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ያውቀዋል። ደረሰኝ ግን የለውም። ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ፋይናንስ አይከፍልም። ለእንዲህ ያለው ግዢ ትንሽ የእጅ በጀት መፍቀድ ከትልቅ ጨረታ የበለጠ ውጤት እንደሚያመጣ አያጠራጥርም።

የታተመ ሁሉ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ለወመዘክር፣ እንዲገባ የሚያስገድድ አዋጅ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ። ደራሲው ራሱ አሳታሚ በሆነበት አገር ግን የዩኒቨርሲቲው ሰብሳቢ ያንን ተማምኖ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ስጦታም አለ። ምሁር ሲያርፍ ቤተሰቡ መጻሕፍቱን ይሰጣል። ደስ የሚል ነው፣ ግን ግማሹ ድግግሞሽ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚቀበል፣ የተረፈውን ወዴት እንደሚልክ ቀድሞ በጽሑፍ ያልወሰነ ቤተ መጻሕፍት ካርቶን ሲቆጥር ይኖራል።

የተሰበሰበው ሲመዘገብ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በዲዊ አመዳደብ፣ መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚለየው ሥርዓት፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ቁጥር 892.87 ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ስሙ ነው አስቸጋሪው። በዓሉ ግርማ የሚገባው «በ» ላይ ነው፤ በፈረንጅ ልማድ «ግ» ላይ ካስገቡት አባቱን ደራሲ አደረጉት ማለት ነው። ፊደሉም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁን አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል። «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ»ም ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። ዘመኑም አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» እኛ ዘንድ የ1958 መጽሐፍ ነው፤ የውጭ ካታሎግ 1966 ይለዋል። ተማሪው ሁለት እትም መስሎት ቢደናገር አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ሁሉንም አጻጻፍና ሁለቱንም ዘመን መመዝገብ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ይህ ካልተሠራ ግን የተሰበሰበው ሁሉ ጠፍቶ የተቀመጠ ነው።

ስለ ድርሰቶቹ የተጻፈውም የስብስቡ አካል ነው። ቶማስ ኬን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ራይዱልፍ ሞልቬር በ1997 ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍና ደራስያን ያሳተሟቸው ሥራዎች በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ የተሠራው ሂስ ግን አብዛኛው ያለው በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። የማይሸጥ፣ የማይታተም፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ። ከዚህ ውድ ንብረት የለም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ በጠመዝማዛ ሽቦ ታስሮ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ቋንቋውስ? የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ አያልቅም። ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማልኛው አለ። ዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩ የነበረችው መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ አሜሪካ ሆና በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። የት ትደርደር፣ ከኢትዮጵያው ሥነ ጽሑፍ ወይስ ከእንግሊዝኛው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ቦታ። መጽሐፉ ሁለት ቅጂ ቢገዛ ማንም አይጎዳም።

ውጭ አገርም ሰብሳቢ አለ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ኅትመት ይገዛል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም በጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው።

አሁን ሁሉም ሰው የሚያነሳው ስካን ማድረግን ነው። መልካም ነው፣ ግን የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ። መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ የእሳቸው ነፃ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም ነው፤ የእሳቸው እስከ 2046 ዓ.ም ድረስ የቤተሰብ ፈቃድ ይጠይቃል። እስከዚያ ለማቆየት ሲባል የተነሣው ቅጂ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ብቻ ይነበብ ማለት ይቻላል። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው ፒዲኤፍ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ተማሪው ስልክ ላይ ገብቷል።